የቤተልሔም ድጓ ቤትና የአጥቢያው ሰው

በእሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ቆማችሁ ካህናቱ መቋሚያ ተደግፈው፥ ጸናጽልና ከበሮ ይዘው ሲያመሰግኑ ትሰማላችሁ። ይህ ዜማ መቅረጫ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን እንዴት ሳይጠፋ ሊቆይ ቻለ? ማን ጠበቀው? እነዚህ ካህናትስ ከማን ተማሩት? ዛሬ የምነግራችሁ የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ነው። መልሱን ለማግኘት ወደ ትልቅ ከተማ አንሄድም። የምንሄደው በደቡብ ጎንደር፥ በጋይንት ምድር ወደምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር ነው። ጌታችን በተወለደባት ከተማ ስም ቤተልሔም ትባላለች።

እኔም የጋይንት ልጅ ነኝ። የተወለድሁባት መንደር ግን ቤተልሔም አይደለችም፤ በጣም ትንሽ ስለሆነች በካርታ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም። ፊደል ያስቈጠሩን የኔታ ድጓቸውን ያስመሰከሩት በቤተልሔም ስለ ነበረ፥ እኛ የመንደሩ ልጆች ስሟን የሰማነው ገና ሀሁ ስንቈጥር ነው። ስለዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ ከፊሉ ሊቃውንት የሚያስተምሩት ታሪክ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ በልጅነቴ በዓይኔ ያየሁት ነው።

1. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዴት ይሄዳል?

ሕፃን ትምህርቱን የሚጀምረው በፊደል ነው። እኛ የተማርነው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፥ ከአንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ሥር ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፥ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካን፥ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንቈጥር ነበር። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። አቡጊዳ የፊደሉን ቅደም ተከተል አፋልሶ የሚያስቈጥር ነው። በዚህም ምክንያት በቃሉ ብቻ የሸመደደውን ልጅ፥ ፊደሉን በእውነት ከለየው ልጅ ይለየዋል። ከዚያ በኋላ የዮሐንስ መልእክት ይነበባል። ንባቡም በግዕዝ፥ በውርድና በቁም ነው። በመጨረሻ ልጁ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ በአገሬው ዘንድ «ተማረ» ይባላል፤ ወላጆቹም እንደ አቅማቸው ደግሰው የኔታንና ጎረቤቱን ይጋብዛሉ።

ይህ ሁሉ ንባብ ቤት ይባላል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ዜማ የወደደ ወደ ድጓ ቤት፥ ቅኔ የወደደ ወደ ቅኔ ቤት፥ የቅዱሳት መጻሕፍትን ትርጓሜ የሚሻ ደግሞ ወደ መጽሐፍ ቤት ይሄዳል። እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚገኙት በብዛት በገጠር ነው፤ እያንዳንዳቸውም የሚታወቁበት ትምህርት አላቸው። ለምሳሌ ለቅኔ ዋሸራና ጎንጅ፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አባ፥ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ፥ ለአቋቋም ጎንደር ይጠራሉ። ለድጓ ማስመስከሪያ ግን የምትጠራው ቤተልሔም ናት።

2. ድጓ ምንድን ነው?

ድጓ የዜማ መጽሐፍ ነው። የደረሰው ቅዱስ ያሬድ ሲሆን፥ የኖረውም በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፥ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ነው። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአጎቱ ከጌዴዎን ሸሽቶ ነበር። በመንገድም ከአንድ ዛፍ ሥር አርፎ ሳለ፥ አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት እየሞከረች ደጋግማ ስትወድቅ፥ በመጨረሻም ስትወጣ አየ። ከዚያ በኋላ ወደ መምህሩ ተመልሶ ተማረ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ቅዱስ ያሬድ የደረሳቸው መጻሕፍት አምስት ናቸው፤ እነርሱም ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። ዜማዎቹም ሦስት ናቸው፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። ድጓ የዓመቱን በዓላት ሁሉ ስለሚከተል በክፍል በክፍል ተለይቷል። የዘመን መለወጫው ክፍል ዮሐንስ፥ ቀጥሎ ያለው አስተምህሮ፥ ከትንሣኤ በኋላ ያለው ፋሲካ ይባላል። የዐቢይ ጾሙ ዜማ ግን ጾመ ድጓ በሚባለው መጽሐፍ ለብቻው ይገኛል።

የድጓን ብራና ያየ ሰው፥ ከፊደሉ በላይ ጥቃቅን ምልክቶችን ያገኛል። የዜማው ምልክቶች ናቸው። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት ስምንቱ የቅዱስ ያሬድ እንደሆኑ ይነገራል። ሊቃውንት ምልክቶቹን ከጌታችን ሕማም ጋር ያያይዟቸዋል፤ ለምሳሌ ጭረት የግርፋቱ ሰንበር፥ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ ምሳሌ ነው ይላሉ።

3. ትምህርቱ ሊጠፋ የተቃረበበት ዘመን

ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በነበረው ከባድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ብዙ መጻሕፍትም ጠፍተዋል። መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላ ይጻፋል። ነገር ግን መጽሐፉን በቃሉ የያዘው ሊቅ ደቀ መዝሙር ሳይተካ ከሞተ ዜማው አብሮት ይቀበራል። የዚያ ዘመን ትልቁ አደጋ ይህ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ማለትም ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ የተረፉት ሊቃውንት የተረፈውን ትምህርት ሰበሰቡ። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሁለት መምህራን ድርስና አንብር የሚባሉትን ምልክቶች በስምንቱ ላይ እንደጨመሩ ይነገራል። ስለዚህ ዛሬ የዜማ ተማሪ የሚያጠናቸው ምልክቶች አሥር ናቸው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ድጓ በተለያዩ አገሮች በጥቂት በጥቂቱ የተለያየ የአዚያዜም መንገድ ይዞ ቀጠለ። ከእነዚህም መካከል የታወቁት የቤተልሔም፥ የቆማና የአጫብር ናቸው። በስፋት የተሠራጨውና በብዙ አድባራት የሚሰማው የቤተልሔሙ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በከተማ ያላችሁ ልጆች በየእሑዱ የምትሰሙት ዜማ በአንዲት የገጠር መንደር ስም የሚጠራ ነው።

4. በሣር ክዳን ውስጥ ያለች ቤተ ክርስቲያን

የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን የተሠራችው በእመቤታችን በቅድስት ማርያም ስም ነው። አሠራሯም የሚያስደንቅ ነው። ከሩቅ ለሚያያት እንደ ብዙዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሆና፥ በሣር የተከደነች ነበረች። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ከክቡ ቤት ውስጥ፥ በጥንቱ በአክሱም የአሠራር መንገድ የታነጸች አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አለች። የኋለኞቹ ሰዎች አሮጌዋን አፍርሰው አዲስ አልሠሩም፤ አሮጌዋን እንዳለች ትተው፥ ከዝናብና ከፀሐይ የሚከላከል ሌላ ቤት ከላይዋ አለበሷት።

በ1955 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ቶማስ ፓከናም የሚባል ተጓዥ በዚያ ሲያልፍ ይህን አይቶ ተደነቀ፤ በኋላም በመጽሐፉ ስለጻፈው የውጭ አገር አጥኚዎች ስለ ቤተልሔም ማወቅ ጀመሩ። የአጥቢያው ሰውና የድጓ ተማሪዎች ግን ማንም ሳይነግራቸው፥ ትውልድ ለትውልድ ሲሳለሟት የኖረች ቤተ ክርስቲያን ናት።

5. ድጓ ማስመስከር

የኔታ እንደነገሩን የድጓ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የራሱን ድጓ በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። ለዚህም የብዙ ፍየሎች ቆዳ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቈላ እህል ይበጠብጣል፤ ብርዑን ከመቃ ይቀርጻል። መጽሐፉን ጽፎ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል፤ የሚጽፈውም እየተማረ፥ እየለመነ፥ ለመምህሩም እንጨት እየለቀመና ውኃ እየቀዳ ነው።

ተማሪው በአገሩ መምህር ዘንድ ድጓውን ከጨረሰ በኋላ መጽሐፉን አዝሎ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል። እዚያም በቤተልሔሙ መምህር ፊት እንደ ገና ያዜማል። የእርሱን መጽሐፍ ከቤተልሔሙ ድጓ ጋር እያስተያየ፥ የተሳሳተውን ይፍቃል፤ የጎደለውን ይሞላል። መምህሩ በቃህ ሲሉት ይመረቃል፤ ከዚያ በኋላም በሄደበት ሁሉ ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ይችላል። ይህ ማስመስከር ይባላል።

ልጆች፥ ይህ ሥርዓት ለምን እንዳስፈለገ አስቡ። አንድ መምህር ርቆ በሚገኝ አገር ብቻውን ሲያስተምር አንዲት ቃል ብትዘነጋው ተማሪዎቹም ይዘነጓታል፤ የተማሪዎቹም ተማሪዎች ይዘነጓታል። ሁሉም መጥተው በአንድ ቦታ ሲያስተያዩ ግን የጠፋችው ቃል ትገኛለች። በዚህ ምክንያት ነው ሰው ሁሉ ከየአገሩ ቀናትና ሳምንታት በእግሩ ተጉዞ ወደዚያች መንደር የሚሄደው።

6. ተማሪውን የሚያበላው ማን ነው?

እስከ አሁን ስለ መምህሩና ስለ ተማሪው ተናገርሁ። ሦስተኛው ወገን የአጥቢያው ሰው ነው። ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እርሱ ነው።

የቈሎ ተማሪ አገሩን ትቶ፥ ዘመድ ወደሌለበት ሩቅ አገር ሄዶ ይማራል። ልብሱ የበግ ለምድ ነው፤ ደበሎ ይባላል። በትከሻው አኩፋዳ፥ በእጁ የውሻ መከላከያ በትር ይይዛል። ቤቱ ራሱ የሠራት የሣር ጎጆ ናት። ከትምህርት በኋላ በየደጁ እየቆመ በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ የተሰጠውን ቍራሽና ቈሎ በአኩፋዳው ይዞ ይመለሳል፤ ከባልንጀሮቹም ጋር ተካፍሎ ይበላል። ሌሊትም በጨለማ ተነሥቶ ትምህርቱን በቃሉ ያጠናል፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽለዋል።

በእኛ ቤት ተማሪ በደጅ ሲቆም ውሻውን መያዝ የእኔ ሥራ ነበር። እናቴ ያላትን ከሰፌድ አንሥታ ትሰጠኛለች፤ «በሁለት እጅህ ስጥ፤ እርሱ ለማኝ አይደለም፤ የእኛን ጸሎት የሚማርልን ነው» ትለኝ ነበር። ቃሏ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጓታል። እነዚህን አምስት ሰዎች የሚያወጣው ጉባኤ ቤቱ ነው። ጉባኤ ቤቱ ቢዘጋ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያ አጥቢያ የሚያጠምቅ፥ የሚቀድስና የሚፈታ አይገኝም። እንግዲህ ገበሬው ለተማሪው ቍራሽ ሲሰጥ የገዛ ልጁን ጥምቀት እያዘጋጀ ነበር።

7. ሁለት የፈተና ዘመናት

በቀደመው ዘመን ካህናትና መምህራን የሚተዳደሩበት የሰሞን መሬት ነበራቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። አዋጁ በአገሪቱ ለነበሩ ብዙ ጭሰኞች መሬት ያስገኘ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ግን መሬታቸውን በማጣታቸው ብዙ ጉባኤ ቤቶች መተዳደሪያ አጡ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፥ በ1965 ዓ.ም.፥ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበር። በዚህ ደንብ ምእመናን ከካህናቱ ጋር ሆነው ቤተ ክርስቲያናቸውን ያስተዳድራሉ፤ በየጊዜውም አስተዋጽኦ ያወጣሉ። መሬቱ ከሄደ በኋላ የብዙ አጥቢያ ካህናት ኑሮ በዚህ በምእመናን እጅ ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው ፈተና ድርቁ ነው። በ1976 ክረምት ዝናቡ ቀረ፤ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ገባ። እኔ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። የእኛ የኔታ ከፊደል ተማሪዎቹ ሌላ ጾመ ድጓ የሚያስቀጽሏቸው ስምንት የቈሎ ተማሪዎች ነበሯቸው። በኅዳር ወር ተማሪ በደጃችን መቆሙን ተወ። እናቴ ይህን ስታይ ደነገጠች፤ «ምን ሆኑ?» ብላ ሰው ጠየቀች። ለካ የኔታ፥ «ሕፃን ከተራበበት ቤት ደጅ እንዳትቆሙ» ብለው ከልክለዋቸው ኖሯል። አምስቱ ወደ ዘመዶቻቸው ሄደው ነበር፤ ሦስቱ ግን የኔታን ጥለን አንሄድም ብለው ቀርተዋል።

እናቴ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቈሎ በቅል አድርጋ ሰጠችኝ። እኛም ልጆቿ ተርበን ነበር፤ እየሄድሁ ቅሉን ደጋግሜ አየሁት። ከወይራው ሥር ስደርስ ግን ብቻዬን አልነበርሁም። ከሌላውም ቤት አንድ ልጅ፥ ከዚያኛውም ቤት አንዲት ልጅ፥ እንደ እኔ እፍኝ እፍኝ ይዘው መጥተዋል። ማንም አላዘዘም፤ እናቶች ውኃ ሲወርዱ ተነጋግረው ይሆናል። የኔታ ሁሉንም በአንድ ሰፌድ ላይ ዘረገፉት። ከዚያም ከሁለት ከፈሉትና ግማሹን ለተማሪዎቻቸው፥ ግማሹን ለእኛ ለአመጣነው ልጆች አካፈሉን። በልተን ስንጨርስ «በሉ አሁን ተቀመጡ» አሉና ትምህርቱን ቀጠሉ።

እስከሚቀጥለው መኸር ድረስ ከየቤቱ እፍኙ ሲመጣ፥ የኔታም ሲያካፍሉ፥ እንዲሁ ሆኖ ከረመ። ያ ዓመት ከመንደራችን ብዙ ሰው የወሰደ ዓመት ነው። ነገር ግን ከዚያች ጎጆ የሌሊቱ የዜማ ድምፅ አልተቋረጠም። ከሦስቱ ተማሪዎች አንዱ በኋላ ቤተልሔም ሄዶ አስመሰከረ። የኔታ ሲያርፉም ተመልሶ በወንበራቸው ተቀመጠ።

8. ዛሬስ?

ዛሬ ነገር ተለውጧል። የድጓ መጽሐፍ ታትሟል፤ የሊቃውንት ድምፅም በስልክ ይቀረጻል። «እንግዲያስ መምህር ምን ያደርጋል?» የሚል ልጅ ይኖር ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። በመጽሐፍ ላይ ያለው ምልክት ድምፁ የት እንደሚወርድና የት እንደሚቈረጥ ያስታውሳል፤ ያልተማረን ሰው ግን አያስተምርም። ቅጂውም ሲሳሳት የሰማውን ተማሪ አያርመውም። የኔታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ፥ ከስምንት ልጆች ድምፅ መካከል የሳተውን ለይተው ያውቁ ነበር።

ብዙ ልጆች አሁን ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በብዙ አጥቢያ ከአረጋዊው መምህር እግር ሥር የሚቀመጥ ተማሪ እያነሰ መሄዱን በየአጋጣሚው እሰማለሁ። ቤተልሔምን እስከ ዛሬ ያቆያት ግንቧ ብቻ አይደለም። የሚያስተምር መምህር፥ የሚማር ልጅና የሚያበላ አጥቢያ በአንድነት ስለተገኙ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሁለቱ ብቻቸውን አይቆሙም።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ሁላችሁም ድጓ ተምራችሁ መምህራን ትሆናላችሁ አልልም። ነገር ግን የእናንተም አጥቢያ ታሪክ አላት። ቤተ ክርስቲያናችሁ በስንት ዓመተ ምሕረት ተተከለች? መጀመሪያ ፊደል ያስቈጠረባት ማን ነው? በክፉ ቀን ማን አበላት? ይህን የሚያውቁ አረጋውያን ዛሬ በመካከላችሁ አሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አቡጊዳ ከሀሁ በምን ይለያል? ለምንስ ይጠቅማል?
2. የቅዱስ ያሬድ አምስት መጻሕፍትና ሦስት ዜማዎች እነማን ናቸው?
3. ማስመስከር ማለት ምን ማለት ነው? ተማሪዎች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ መሄዳቸው ምን ጥቅም አለው?
4. የቤተልሔም ሰዎች አሮጌዋን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ጠበቋት?
5. የኔታ የመጣላቸውን ቈሎ ለምን ከሁለት የከፈሉት ይመስላችኋል? ከባልንጀሮቻችሁ ጋር ተወያዩበት።
6. በአጥቢያችሁ ካሉ አረጋውያን አንዱን ጠይቃችሁ፥ ስለ ቤተ ክርስቲያናችሁ የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አቅርቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።